የኅብረት ሱቁ ጓጉንቸር

ቁልፉ ዞረ። መዞር አልነበረበትም።

ቢጫው ጓጉንቸር «ቀጭ» ብሎ አፉን ሲከፍት ጥሩወርቅ ትንፋሿን ዋጠች። በሩ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ንባብ ቤት በር ነው። ቁልፉ ግን የቤታቸው ቁልፍ ነው። በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላው የምትዞረው፣ ከእሷና ከእናቷ በቀር ማንም የለውም ብላ የምትምልበት።

«ወይ ጉድ!» አለች ራቢያ፤ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

ሁለቱም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የጽዳት ተራቸው ደርሶ ከማለዳ ጀምሮ በብርድ ቆመው ነበር። ቁልፍ ያዡ ሞላ ሲዘገይ ራቢያ ናት «እስቲ በዚያ በምትኮሪበት ቁልፍሽ ሞክሪው» ብላ የቀለደችው። ቀልዱ በር ከፈተ።

«ዝጊው! ዝጊው እንጂ፣ መጣ!»

ጥሩወርቅ ጓጉንቸሩን ተጭና ዘጋችና ቁልፉን ቀሚሷ ውስጥ ከተተች። ሞላ ጠመንጃውን አንግቶ ከማእዘኑ ብቅ አለ። ጠዋት አብዮት ጥበቃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሻጭ። ስኳር ሲመዝንም ሰው ሲፈትሽም ፊቱ ያው ነው።

«ምን ትገተራላችሁ?»

«እርስዎን ስንጠብቅ ነዋ ጓድ ሞላ» አለች ጥሩወርቅ። «መጥረጊያው ደርሶናል፤ ቁልፉ ነው የቀረው።»

«ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል።» ከቁልፎቹ አንዱን መርጦ ከፈተ። ጥሩወርቅ አይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም። ሦስት ጥርስ፣ መሃለኛው አጭር። የእሷም ሦስት ጥርስ ነው፤ የእሷም መሃለኛው አጭር ነው።

«ወንድምሽ ይርጋ እንዴት ነው?» አለ ሞላ በሩን ሲገፋ። «ባሕር ዳር ሥራ ያዘ ብላችሁ ነበር።»

«ደህና ነው። ሰላም በሉልኝ ይላል።»

«ቤታችሁም ሁሌ ዝግ ነው።» ፈገግ አለ። «ለእናትሽ ንገሪ፤ ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ። ከየቤቱ አንድ ሰው እንዳይቀር። ሌባ በዝቷል፤ በራችሁን ደህና አድርጋችሁ ቆልፋችሁ ኑ።»

ይርጋ ባሕር ዳር አልነበረም። ከዚያ ከሁልጊዜ ዝግ በር ኋላ ነበር።

ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ከተጀመረ ወዲህ የሰፈሩ ጎረምሶች ሁሉ በየቤታቸው ጨለማ ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ ጥበቃዎቹ ማታ ማታ ይመጡ ነበር፤ ልጆቹ በጓሮ አጥር እየዘለሉ ሲያመልጡባቸው ወደ ቀን ዞሩ። ወደ ጉና ተራራ እንዳይሸሹ በየመውጫው ኬላ አለ። እናቶቹ አንድ ዘዴ አገኙ፦ ልጅን ከውስጥ አስቀምጦ በሩን ከውጭ መቆለፍ። ጥበቃዎቹ ይመጣሉ፣ ጓጉንቸሩን ያያሉ፣ «ሰው የለም» ብለው ያልፋሉ።

ታዲያ የቱ ጓጉንቸር ይሻላል? ክርክሩ ከቦኖ ውሃ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሶ ነበር። የራቢያ አባት ጋሼ የሱፍ በእጃቸው የሚሠሩት ጥቁሩ አለ፤ ቁልፉ እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገባ፣ ለመክፈት እድሜ የሚጠይቅ። በሌላ በኩል ኅብረት ሱቁ በካርቶን ያስመጣው ቢጫው አለ፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። ክርክሩን የፈታችው ጥሩወርቅ ናት። ሁለቱን ቦኖው አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ሰው ሁሉ እያየ ቀጠቀጠቻቸው። የጥቁሩ ቀለበት ተበጠሰ። ቢጫው ጭረት እንኳ አልወጣበትም።

«ፋራ ሁላ!» ብላ ነበር ያን ቀን። «አይናችሁ እያየ ትከራከራላችሁ?»

ሰፈሩ በሙሉ ቢጫውን ገዛ። ራቢያ ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻት።

ከዚያ ባለፈው የስብሰባ ቀን የእትዬ ብዙነሽ ልጅ እሸቴ ተወሰደ። እናቱ ከስብሰባ ሲመለሱ በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ጓጉንቸሩም ደህና ነው፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ሁለተኛውን ቁልፍ በአደራ የያዙት ጎረቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ ብቻ ነበሩ። ከእሳቸው ሌላ ማን ሊሰጥ? ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ፈንታነሽን ሰላም የሚል የለም። ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ ወሬው ይቋረጣል።

ጥሩወርቅ ንባብ ቤቱን ስትጠርግ አንዱን ጥግ ደጋግማ ጠረገች።

«እሸቴን እኮ...» አለች ራቢያ ቀስ ብላ።

«ዝም በይ።»

«በቁልፍ ከፍተው፣ መልሰው ቆልፈው...»

«ራቢያ፣ ዝም በይ አልኩሽ!»

ሌሎቹ እንዳይነቁ ነው መልሰው የቆለፉት። ሁሉም ቢጫውን አምኖ እንዲቀመጥ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገዱ ጭር ብሏል። የእትዬ ፈንታነሽ በር ከእነሱ በር ፊት ለፊት ነው። ግራ ቀኝ አየችና ቁልፏን ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተተች። እባክህ አትዙር አለች በልቧ።

ዞረ።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ የታፈነ የገብስ ሽታ አለው። ከጎታው ኋላ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል።

«ማሩ፣ እኔ ነኝ። ጥሩወርቅ።»

የእትዬ ፈንታነሽ ልጅ ማሩ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። የይርጋ እኩያ ነው፤ የሰፈሩ ቡድን በረኛ ነበር፤ ትከሻው በር የሚያህል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ማየቷን አየ።

«ውሃ ደፍቼ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ከፈትሽው?»

«እናትህ ቁልፋቸውን ሰጥተውኝ ነው። ደህና መሆንህን እንዳይ።»

«እናቴ? ለአንቺ?» ማሩ ሳቅ ቢሞክረውም አልሆነለትም። «የሚያናግራት ሰው መኖሩንም አልሰማሁ። ማታ ማታ ቁጭ ብላ ‹ለማንም አልሰጠሁም› ትላለች። ለማን እንደምትናገር እንጃ። እኔ ነኝ ያለሁት።»

ጥሩወርቅ ወደ ኋላ ወጣች። በሩን መልሳ ቆለፈችና በቀጥታ ወደ ገበያ ሮጠች።

ጋሼ የሱፍ ከፋኖስና ከምድጃ ስብርባሪ መሃል ተቀምጠው ብረት ይሞርዳሉ። ራቢያ ቀድማ ነግራቸዋለች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«የእኔን ጓጉንቸር በድንጋይ የሰበርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ፈለግሽ?»

«የማይከፈት።»

«እንዲህ ያለ የለም።» ሞረዳቸውን አስቀመጡ። «የእኔ ይሰበራል፤ ራስሽ አይተሻል። ሲሰበር ግን ሰፈሩ ይሰማል፣ ኡኡ ይባላል፣ ለልጁም ምናልባት ሰው ይደርስለታል። ያኛው ድምፅ የለውም። ልዩነታቸው ይኸው ነው።»

«እሱንማ አሁን አወቅኩት።» ድምፅዋ ሳታስበው ሾለ። «ይቅርታ ጋሼ። ስንት አለዎት?»

«ብረት ከየት መጥቶ? አንድ ነው ያለኝ።» ተነሡና ከራሳቸው ሱቅ በር ላይ ጥቁሩን ፈትተው ሰጧት። ራቢያ «አባ!» አለች።

«ምን ይወስዱብኛል?» አሉ ጋሼ የሱፍ። «ሙስጠፋን እንደሆነ ከመንገድ ነው የወሰዱት። ለመንገድ የሚሆን ጓጉንቸር አልሠራሁም።»

ሙስጠፋ የራቢያ ታላቅ ወንድም ነው። ከሰሜን ጦር ግንባር ከመጣው ከአንድ መልእክት በኋላ ድምፁ ጠፍቷል።

ሲመሽ ጥሩወርቅ ለእናቷና ለይርጋ ሁሉን ነገረቻቸው። እናቷ የሺ ጥቁሩን ጓጉንቸር ጭናቸው ላይ አድርገው እስክትጨርስ ሰሙ።

«ነገ ይኸን በእኛ በር ላይ ታደርጊዋለሽ» አሉ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

«እማዬ፣ ማሩስ? እትዬ ፈንታነሽ እኮ ምንም አላደረጉም! ቁልፉ ነው!»

«ይሁን፣ ንጹሕ ናት። ንጽሕናዋ ልጄን ያድንልኛል?» የሺ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብትነግሪያት ስሟን ልታጠራ አደባባይ ወጥታ ትጮኸዋለች። እኔም ብሆን እጮኻለሁ። ሞላ ሲሰማ ደግሞ መክፈቱን ትቶ ጓጉንቸር ያለበትን በር ሁሉ ይሰብራል። ያን ጊዜ የሁላችንም ልጅ አለቀ። አንድ ጥቁር ማንም ልብ አይለውም። ሰፈሩ ሁሉ ጥቁር ቢሆን ግን እውርም ያየዋል።»

ጥሩወርቅ ይርጋን አየችው። ይርጋ ወለሉን ያያል። ስህተቱ እናቷ በተናገሩት ውስጥ የት እንዳለ ፈለገች፤ አላገኘችውም። ያናደዳትም ይኸው ነው።

ጠዋት የስብሰባው ፊሽካ ሲነፋ ጉም ከጉና ወርዶ ጣሪያውን ሁሉ ውጦት ነበር። የሺ ቀድመው ወጡ። «ቶሎ ቆልፈሽ ነይ» አሉ፤ በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ ሳይመለከቱ ሄዱ።

ጥሩወርቅ በአንድ እጇ ጥቁሩን፣ በሌላው ቢጫውን ይዛ ደጁ ላይ ቆመች።

«ይርጋ፣» አለች፣ «ቁልፍ ውስጡ የተሰበረበት ጓጉንቸር በሌላ ቁልፍ ይከፈታል?»

ይርጋ ከጨለማው ውስጥ መለሰ። «አይገባማ። ቀዳዳው ይደፈናል።»

«በድንጋይም አይሰበርም። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ።»

የምትለው ገባው። «ቤቱ በእሳት ቢያያዝስ?»

«ጭስ ካየሁ በሩን በጥርሴም ቢሆን እነቅለዋለሁ።»

«ጥርስሽንማ አውቀዋለሁ» አለ። መሳቅ አማረው፤ ሳይስቅ ቀረ። በሩ ስንጥቅ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ እንጨቱን ሲነካ ሰማችው። «ማሩ አሁን ጎታ ኋላ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ጠባብ ነው እዚያ። ልጆች ሳለን ተደብቀንበት ነበር።» ከዚያ «በይ ስበሪው» አለ።

ቢጫውን ቆለፈች። ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ እስከ ግማሹ ከተተችና በድንጋይ ከጎን መታችው። አንዴ። ጎበጠ። ደገመችው። የቁልፉ ራስ መሬት ላይ ወደቀ፤ ጥርሱ ውስጥ ቀረ። ድምፁ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ገረማት።

«ዘጋሽው?»

«ዘጋሁት።»

«ማታ እንዴት ትከፍቺዋለሽ?»

ጥሩወርቅ ጓጉንቸሩን አየችው። ያን ቀን ቦኖው አጠገብ እንዳብረቀረቀ ነው ያለው።

«አላውቅም» አለች።

ከታች፣ ከዋናው መንገድ፣ የከባድ መኪና ሞተር ድምፅ በጉሙ ውስጥ ተሰማ፤ መኪናው ቆመ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም።

ከፊት ለፊት እትዬ ፈንታነሽ ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ጠብቀው በራቸውን ሊቆልፉ ወጥተዋል። ቢጫው እጃቸው ላይ ነው። መንገዱ ላይ ገና ወደ ስብሰባ የሚያዘግሙ ሦስት አራት ሴቶች አሉ። እትዬ ብዙነሽም አሉበት፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደዚያ በር ላለማየት አንገታቸውን አዙረዋል።

ጥሩወርቅ ጥቁሩን ጓጉንቸር ከነጠላዋ ሥር ይዛ መንገዱን ተሻገረች። ለእትዬ ፈንታነሽ በጆሯቸው መንገር አለባት፤ መጮህ እንደሌለባቸውም። ከዚያ ለእትዬ ብዙነሽ። ከዚያ በየበሩ፣ አንድ በአንድ፤ ጥቁር ጓጉንቸር የሌለው ሁሉ ቁልፉን ውስጡ የሚሰብርበት ድንጋይ አለው። እናቷ የፈሩት ይደርስ ይሆናል። መጀመሪያ ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ እሱ በጆሮ የሚነገር አይደለም።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ ፈንታነሽ!» አለች ሴቶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብላ።

እትዬ ፈንታነሽ ዘወር አሉና ማንን ሰላም እንዳለች ለማየት ከኋላቸው ተመለከቱ።