ክንፉ ሲከፈት

«ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሳፈርም!» አለች ጥሩነሽ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ። «ክንፉ ሲሰነጠቅ እያየሁ ልለቅ? ወለተ ሥላሴ በዓይኗ አይታዋለች እኮ!»

ልጇ የኔአለም ተናደደች። ጎረቤታቸው እትዬ ወለተ ሥላሴ አምና አንዴ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በርረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ሁሉ አውሮፕላን ነው። ትናንት እናቷን ሊጠይቁ መጥተው «መሬት ሲነካ የክንፉ ቆዳ ብድግ ብድግ ብሎ ተከፈተ፣ ከዚያ አጓራ፣ ልቤ ቀጥ አለ» ብለው ሄዱ። በሽተኛ ፊት! ምን ዓይነት ሴትዮ ናቸው?

እናቷን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳት በረራ ሐሙስ ነው። የዓባይን በረሃ በመኪና አትችለውም ተብሏል። አባቷ እንዳላማው የኔአለምን ጓሮ ወስዶ እውነቱን ነግሯታል፤ በሽታው የእናቷን ጉበት ይዟል፣ ሐኪሙም አዲስ አበባ ብትደርስ እንኳ ተስፋው ትንሽ ነው ብሏል። ለእናቷ የተነገራት ግን ጨጓራ ነው። «ካወቀች በቁሟ ትሞትብናለች። ትንፍሽ እንዳትዪ! ብቻ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አግባቢልኝ» ብሏታል።

እሷም ዛሬ የፊዚክስ አስተማሪዋን መምህር ድረስን ስትጠይቅ ውላ፣ ከብስኩት ካርቶን ክንፍ ቆርጣ መጣች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እዪ። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ከክንፉ ኋላ ይሄ ዝርግ ክፍል እንዲህ ተስቦ ይወጣና ወደ ታች ይታጠፋል። ክንፉ ሲሰፋ ቀስ ብሎ ቢበርም አይወድቅም። ከዚያ ከእግርሽ ሥር ጓ ይላል፤ ጎማው ሲወጣ ነው፣ አትደንግጪ።»

«ስንጥቁስ?»

«እሱ መሬት ከነካ በኋላ ነው።» ካርቶኑ አናት ላይ የቆረጠቻቸውን ክዳኖች በጣቷ አቆመች። «ሆን ተብሎ ነው የሚከፈቱት። አውሮፕላኑ መሬት ነክቶም ክንፉ ገና ሊያነሳው ይታገላል። እነዚህ ሲቆሙ ማንሳቱን ይተዋል፣ ክብደቱ ሁሉ ጎማው ላይ ይጫናል። ያለዚያ ፍሬኑ ቢያዝ ጎማው ይንሸራተታል።»

«ጩኸቱስ?»

«ሞተሩ ነፋሱን ወደ ፊት ሲገፋ ነው፣ ፍሬኑን ሊያግዝ። ወደ ፊት ትገፊያለሽ፣ ቀበቶው ይይዝሻል።»

«ፍሬኑ እንቢ ቢልስ?»

የኔአለም «እንቢ አይልም» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ተወችው። «አልፎ አልፎ ይበላሻል ብለውኛል መምህር ድረስ። ለዚያ ነው በየጎማው ለየብቻ ያለው፤ አንዱ ቢተው ሌላው ይይዛል።»

ጥሩነሽ ካርቶኑን ተቀበለች። ክዳኖቹን ራሷ አቆመች፣ አጠፈች፣ ደግማ አቆመች። የጣቶቿ ቅጥነት! የኔአለም ማየት አቃታት።

«እሄዳለሁ» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ትናንት ሌሊቱን ሙሉ በሕልሜ ስንቴ ስወድቅ እንዳደርኩ! ዛሬ እንኳ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

የኔአለም እፎይ ልትል ስትል እናቷ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«የኔዋ፣ ፍሬኑ ይበላሻል ብለሽ እንኳ አልደበቅሽኝም። አባትሽ ግን ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ ዓይኔን አያይም። ለጨጓራ አውሮፕላን ያሳፍራሉ እንዴ?»

«አረፍ በይ እማዬ።»

«ብቻዬን እኮ ነው የምፈራው። ምን እንደምፈራ እንኳ ሳላውቅ።»

አባቷ ሳሎን ውስጥ ሻንጣውን ከቁም ሳጥን ላይ ሲያወርድ ይሰማል። ብትነግራት ይቆጣል፤ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን ይቀየማታል። ደግሞ እሱ እንዳለው እናቷ ብትሰበርስ? የኔአለም እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው።

ተነሥታ በሩን ዘጋች። ተመልሳ የእናቷን እጅ ያዘች።

«ጨጓራ አይደለም እማዬ» አለች።