የመቻል እናት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጠይቁ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ በር አሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ይነግራችኋል፣ "ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ" የሚል ሰው ሱቄ ሲመጣ "ወንድሜ፣ ሂድና ተኛ፣ እንቅልፍ አጥሮህ ነው" ብዬ ነው የምሸኘው። ይህን የምነግራችሁም እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ ስለተናደድኩ ነው። ይኸው አንድ ዓመት ሙሉ ተናድጄ አለሁ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ባለቤቴ ትርንጎ ሰባት ወር የተሸከመችውን ልጅ ሞቶ ወለደችው። ወንድ ነበር። ያኔ ስለዚህ ነገር ምንም አልተናገርኩም፣ ከሆስፒታል ይዣት መጣሁና በማግስቱ ሥራ ገባሁ፣ ብረት በያጅ ነኝ፣ ብየዳ ላይ ማንም አያናግርህም፣ መነጽርህን ታጠልቃለህ፣ በቃ። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ቤት ትውላለች። "ቡችላ ግዛላት፣ ጊዜዋን ታሳልፍበታለች፣ ግቢውንም ይጠብቅላችኋል" ያለኝ ወንድሜ ነው።

ከቡሄ በፊት ባለው ሳምንት ሐሙሲት በር ልገጥም ሄጄ፣ ገበያው ዳር አንድ ገበሬ ቡችላ በጋቢው አቅፎ ቆሞ አየሁ። ስሙን ኋላ ነው ያወቅኩት፣ አያ ፈንታ ይሉታል።

"ዕድሜው ስንት ነው?" አልኩት።

"ሁለት ወር ሞልቶታል።"

"እናቱስ?"

"ከከብቶቹ ጋር ሜዳ ናት፣ ምን የመሰለች ጠባቂ!"

ሁለቱም ውሸት ነበር። ስሙኝ፣ ቡችላ ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች፣ እናቱን በዓይናችሁ ሳታዩ አትግዙ፣ "ሜዳ ናት" ካሏችሁ ሜዳ ድረስ ሂዱ፣ አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን እዩ፣ መሬት ላይ አስቀምጡና ሲራመድ እዩት። እኔ አንዱንም አላደረግኩም፣ መኪና ሊያመልጠኝ ስለነበር ጃኬቴ ውስጥ ከትቼው መጣሁ።

ትርንጎ ተቀበለችኝና ጣቷን አፉ ውስጥ አስገባች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ጥርስ የለውም እኮ፣" አለች። "ይህ ጡት አልጣለም።"

ስሙን መቻል አለችው። ወተት ለብ አድርገን በሳህን ብንሰጠው አፍንጫውን ነክሮ አስነጠሰ፣ በጨርቅ ጫፍ ብናጠባው ተፋው። ሦስት ቀን አለቀሰ። እኔ ደግሞ በየሄድኩበት ምክር ይጎርፍልኛል፣ አንዱ ደንበኛዬ "በርበሬ አብላው፣ ኃይለኛ ይሆናል" ይላል፣ ሌላው "ጆሮውን ቁረጠው"፣ ሌላው "ጨለማ በርሜል ውስጥ ዝጋበት፣ ሰው ሲያይ ይናከሳል"። ቆሞ መሄድ ላልቻለ ነገር በርበሬ! እስቲ ይህን የሚል ሰው ቤቱ ሲገባ ልጆቹን እንዴት ነው የሚያሳድገው? ከሁለቱ ጋር ተጣላሁ፣ አንዱ ያዘዘኝን መስኮት ሳይወስድ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢው ጸጥ ብሏል። ሞተ አልኩ። ሄጄ ባየው ጆንያው ላይ ተንጋሎ ተኝቷል፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ አፉ ዙሪያ ነጭ ነገር ደርቋል፣ አንስቼ ባሸተው ወተት ወተት ይላል።

"በላልሽ?" አልኳት።

"የእኔን አልነካውም፣ ሳህኑ እንዳለ ነው፣" አለች ትርንጎ።

በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም እንደዚያው፣ ሳህኑ አይጎድልም፣ ቡችላው ይወፍራል። አጥራችንን የሚጋሩን ጎረቤት እትዬ ጥሩወርቅ የምትታለብ ላም አላቸው፣ ስለዚህ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጠባቂ ውሻ የሚመግበው አንድ እጅ ብቻ ነው፣ ይህን ዛሬም እላለሁ፣ ከመጣው ሁሉ እጅ የለመደ ውሻ ሌባ ሥጋ ቢወረውርለት ጭራውን ይቆላል። ሄጄ በራቸውን ደበደብኩት።

"እትዬ፣ ውሻዬን አብሉልኝ ማን አለዎት?"

"እኔ? ኧረ መልኩንም አላውቀው!"

"ታዲያ ወተቱ ከሰማይ ነው የሚወርደው?"

"አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ፣ ድምፅህን ቀንስ እንጂ።"

አልቀነስኩም። "ሁለተኛ ግቢዬ እንዳይደርሱ!" አልኳቸው፣ መንገደኛው ቆሞ እየሰማ፣ በዚያች ሚያዝያ ከትርንጎ ራስጌ ያልተለዩትን ሴትዮ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ ሳምንት ቆይቶ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መብራት ጠፋ፣ ሱቁን ዘጋሁና ወደ ቤት ሄድኩ። የነሐሴን ጉም ታውቁታላችሁ፣ እጃችሁን ብትዘረጉ ጣታችሁ የሰው ጣት ነው የሚመስላችሁ። ስለ ግቢዬ በር ልንገራችሁ፣ ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ላሜራ ነው፣ ከሥሩ አይጥ እንኳ እንዳያሾልክ አድርጌ ነው የገጠምኩት፣ አጥሩ ደግሞ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ካብ ነው። ትርንጎ ከፈተችልኝ፣ መልሳ ቀረቀረችውና ወደ ቤት ገባች። እኔ ጫማዬን ከጭቃው ላራግፍ ቆም አልኩ።

ያኔ ሰማሁት። የሚጠባ ነገር ድምፅ ነው፣ እርጥብ፣ ችኩል፣ ለትንፋሽ ቆም ይልና ይቀጥላል። እመኑኝ፣ አልፈራሁም፣ የመጣልኝ "ያዝኳቸው!" የሚል ንዴት ነው፣ እትዬ ጥሩወርቅን እጅ ከፍንጅ ልይዝ ነው ብዬ በጣቴ እየረገጥኩ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞርኩ።

ማገዶ የምንከምርበት ዳስ አለ። እዚያ ሥር አንዲት ዳማ ውሻ በጎኗ ተጋድማለች፣ አጥንቷ ይቆጠራል፣ የፊት ቀኝ እግሯ ብቻ እስከ ጉልበቷ ነጭ ነው። መቻል ሆዷ ውስጥ ተቀብሮ ይጠባል። ድንጋይ አነሳሁና ወረወርኩ፣ አምስት እርምጃ ያህል ነበር የራቅኩት፣ ከዚያ ልስት አልችልም፣ ድንጋዩ ግን ከኋላዋ ያለውን ቆርቆሮ መታው። ቡችላው ደንግጦ ጮኸ። እሷ አልጮኸችም፣ ጥርሷንም አላሳየችኝም፣ ሥራ የያዘ ሰው ሲያቋርጡት እንደሚያየው አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ጭቃው ላይ ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም፣ የቤቱን ማዕዘን ዞራ ሄደች። ከማዕዘኑ ወዲያ መውጫ የለም፣ ካብ ነው። ተከትዬ ሮጥኩ፣ ማንም የለም። ጎንበስ ብዬ ጭቃውን በእጄ ዳሰስኩት፣ የቡችላው ትንንሽ ዱካ አለ፣ የእኔ ጫማ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

"የሰው ውሻ ገብታ ነበር፣" አልኳት ትርንጎን።

ቡችላውን አንስታ ጭቃውን በነጠላዋ ትጠርግለት ጀመር።

ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ግን እንዳሰባችሁት አይደለም፣ ነገሩን በጤናማ ጭንቅላት እየፈታሁት ነበር። መቻልም ያንኑ የፊት ቀኝ እግር ነጭ አድርጎ ነው የተወለደው፣ ስለዚህ እናቱ ናት፣ ስለዚህ ያ ገበሬ እሷንም ደብረ ታቦር አምጥቶ ለአንዱ ሸጧታል፣ ስለዚህ የሆነ ቀዳዳ አግኝታ ትገባለች። ዱካውን ጉም ነው ያጠፋብኝ አልኩ። ጉም ዱካ ያጠፋል? ሰው ሲናደድ እንዲህ ነው የሚያስበው።

በነጋታው ወረታ ላይ መኪና ቀይሬ ሐሙሲት ወረድኩ። ጠያይቄ አገኘሁት፣ መንገዱ ዳር ካለው ማሳው ውስጥ ጤፍ ያርማል። በዕድሜ አባቴን ይሆናል፣ ያን ቀን ግን አንቱ ማለት አልመጣልኝም።

"እናቱን ለማን ሸጥካት?"

"የማንን እናት?"

"የቡችላውን! ሁለት ወር ሞልቶታል ያልከኝን!"

አወቀኝ፣ ያረመውን ሣር ጣለው። "የምን መሸጥ፣ ሞታለች እኮ፣" አለ። "አንተ ከመግዛትህ ሦስት ቀን ቀድሞ የጭነት መኪና ደፈጠጣት።"

"ሜዳ ናት አላልከኝም?"

"ሞታለች ብልህ ትወስደው ነበር?"

"አትዋሽ፣ ትላንት ግቢዬ ውስጥ አይቻታለሁ፣ ዳማ ናት፣ የፊት ቀኝ እግሯ ነጭ ነው።"

ፊቱ ተለዋወጠ፣ ከዚያ እሱም ተቆጣ። "አንተ ሰው፣ ልትሰድበኝ ነው ወይስ ልታስፈራራኝ የመጣኸው? ና!" አለና ክንዴን ይዞ ከአስፋልቱ ሥር ወዳለው ቦይ ወሰደኝ። ሣሩን በእግሩ ገለጠው። ቆዳና አጥንት ሆናለች። ነጩ እግር ግን እንዳለ ነበር፣ ዝናብ አጥቦት ይበልጥ ነጥቷል።

"አምስት ወልዳ ነበር፣" አለ አያ ፈንታ፣ አሁን ድምፁ ወርዷል። "ዓይናቸውን ከገለጡ ገና ሳምንታቸው ነው። አራቱ በሦስት ቀን ውስጥ አለቁ፣ እኔ ምን ጡት አለኝ? ያንተው ብቻ ቀረ። ከተሜ ነው፣ መላ አያጣም ብዬ ሰጠሁህ።"

ልመታው እጄ ተነስቶ ነበር። ያቺን እግር እያየሁ ግን ሰው መምታት አልቻልኩም፣ ዞሬ ሄድኩ፣ ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም። ወደ ላይ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ መንገደኛ "ወንድም፣ አሞሃል?" አለኝ፣ እሱንም ተቆጣሁት።

ቤት ስደርስ ዐሥር ሰዓት አልፏል፣ ጉሙ ወርዷል፣ ያ በር ብርግድ ብሎ ተከፍቷል። ትርንጎ የቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባ ያ ድምፅ ይሰማል።

"በሩን ማን ከፈተው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"ድንጋይ ከወረወርክባት ወዲህ አልገባ ብላ፣ ከውጭ ካብ ለካብ ስትዞር ውላ አሳዘነችኝ።"

"ታውቂያለሽ ማለት ነው?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ፣" አለች፣ ልክ የጎረቤት ላም መጥታ እንደሄደች አድርጋ። "አንተ ሥራ ስትሄድ ትመጣለች፣ አጥብታው ትሄዳለች።"

"ትርንጎ፣ ያቺ ውሻ ሞታለች፣ አሁን አጥንቷን አይቼ ነው የመጣሁት!"

"እና? ልጇ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ልጄ ብላ መጥታ በር ልዝጋባት?"

ጮህኩባት። ምን ምን እንዳልኩ አልደግምላችሁም፣ አብደሻል ማለቴን ግን አስታውሳለሁ፣ ቡችላውን ነገ ከዚህ ቤት አወጣዋለሁ ማለቴን አስታውሳለሁ። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"አንድ ቀን እንኳ ስለ እሱ አንስተህ አታውቅም፣" አለች።

"ስለ ማን?" አልኩ። እምላችሁ፣ አፌ ነው፣ ስለ መቻል መስሎኝ ነው። ፊቷን ሳይ ግን ገባኝ፣ ያኔ የሆንኩትን ለጠላቴም አልመኝለትም። ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችው። ከጀርባ ያለው ድምፅም ቆመ።

ቡችላውን አላወጣሁትም። እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። "ውሻህን አላበላሁትም፣" አሉኝ፣ "ሚስትህ ስታለቅስ ግን በካቡ በኩል ይሰማኝ ነበር። አንተ በግርግዳው ማዶ ሆነህ እንዴት አልሰማህም?" ሲሸኙኝ እስከ ግቢዬ በር መጡ፣ ደፉን ግን አልተሻገሩም፣ እስከ ዛሬም አይሻገሩም።

መቻል አደገ። በጊዜው ጥርስ አወጣ፣ ጥሬ ሥጋና አጥንት ጀመረ፣ የትላትል መድኃኒት ሰጠሁት፣ የእብድ ውሻ ክትባት አስከተብኩት፣ ሳልመታው ነው ያሠለጠንኩት፣ ቁጭ በል ስለው ይቀመጣል፣ በቃህ ስለው ጩኸቱን ያቆማል፣ ለማንም ቡችላ ይህንኑ ነው የምመክረው። ኅዳር ላይ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ተወ፣ ውሻዋንም ከዚያ በኋላ አላየኋትም፣ እኔም ከትርንጎ ጋር ቀስ በቀስ ማውራት ጀመርን፣ ስለ ልጁም ጭምር። አለፈ ብዬ ነበር።

ዘንድሮ ሐምሌ ገብቶ የመጀመሪያው ጉም የወረደ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ መብራት የለም፣ ሦስታችንም ቤት ውስጥ ነን። እኔ ሞተር እፈታለሁ፣ ትርንጎ ገብስ ትለቅማለች፣ ትልቁ ውሻ መቻል እግሬ ሥር ተኝቷል። ከቤቱ ጀርባ ያ ድምፅ ተጀመረ። ያው ነው፣ እርጥብ፣ ችኩል፣ ለትንፋሽ ቆም ይልና ይቀጥላል።

መቻል ራሱን አቀና፣ ጸጉሩ ቆመ፣ ከዚያ እየተሳበ አልጋው ሥር ገባ።

ተነሳሁ፣ መፍቻውን እንደያዝኩ። "ውሻው እዚህ ነው፣" ብዬ ጮህኩባት፣ በፍርሃት ይሁን በንዴት አላውቅም። "ታዲያ ምንድን ነው እዚያ የሚጠባው?"

ትርንጎ ዓይኗን ከገብሱ አላነሳችም።

"ቁጭ በል፣" አለችኝ በቀስታ። "ይጨርስ።"