የጋሽ መዝገብ ነጭ ጓንት

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሙዚየሙ መዝጋቢ ምድር ቤት ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት የአካባቢውን ታሪክ በካርድ ላይ ሲያሰፍር ስለኖረ ሰው ሁሉ «ጋሽ መዝገብ» ነበር የሚለው። ከወደቀ መሰላል አጠገብ በጀርባው ተንጋሏል፤ የብረት መደርደሪያው ጥግ ደም ነክቶታል፤ ዙሪያውን አሮጌ ደብዳቤዎች ተበትነዋል። በሁለት እጆቹ ነጭ የጨርቅ ጓንት አጥልቋል።

የተጠራችው ኢንስፔክተር ባልደረቦቿ «ወፌ ቆመች» የሚሏት ናት፤ ሥራ ላይ ሆና ተቀምጣ ያያት የለም። ያን ቀን ደግሞ ባሰባት። ከላይ ለጉብኝት የመጡ ተማሪዎች ኮቴ ጣሪያውን ይደበድባል፤ እሷም ከሬሳው ወደ መሰላሉ፣ ከመሰላሉ ወደ በሩ ትመላለሳለች።

«ደብዳቤ ሊያወርድ ወጥቶ አዳልጦት ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

በጣቷ መደርደሪያውን ዳሰሰችው፤ አቧራ ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ አንዱን ጓንት አወለቀች። መዳፉ በአቧራ ጠቁሯል፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ቀጭን፣ አዲስ ቁስል አለ።

«በቆሸሸ እጅ ላይ ንጹሕ ጓንት» አለች። «የዚህ ክፍል ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው አይደል? አንድ በአንድ ጥራልኝ።»

መጀመሪያ የገባው አሮጌ ዕቃዎችን የሚጠግነው ባለሙያ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት ከጋሽ መዝገብ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«መች ሳንጣላ ውለን እናውቃለን? ሙጫህ በዛ ይለኛል፣ ወሬህ በዛ እለዋለሁ። ሃያ ዓመት! አሁን ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው?»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ሥራ ክፍሌ፤ ብቻዬን። ያየኝ የለም፤ እንደፈለጉ ያድርጉኝ።»

ቀጥላ የገባችው ለሰፈሩ ሰው የሚሰጠውን ትምህርት የምትመራው ወጣት መምህርት ናት። የያዘችውን እርሳስ ታሽከረክራለች።

«ለአሥር ደቂቃ ተማሪዎቹን ትተሽ ወጥተሻል፣ እህቴ።»

«ባለቀለም ወረቀት ላመጣ ነው። ወይኔ ጋሼ! የፊታችንን ቅዳሜ ክፍል ማን ሊይዝልኝ ነው?»

«ጋሽ መዝገብ ምን ነበር የሚያስተምሩት?»

«ሰዉ ቤቱ ያለውን አሮጌ ዕቃ እንዴት እንደሚያቆይ። ብረት በጓንት፣ ወረቀት በታጠበ ባዶ እጅ ይሉ ነበር። ጓንት ያጠለቀ ጣት አይሰማውም፣ ወረቀቱን ይቀደዋል። አንዷን እናት ደብዳቤ በጓንት ስትይዝ አይተው ጮኹባትና ቀኑን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቋት ዋሉ።»

ኢንስፔክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለችበት ቆመች።

ሦስተኛውን ባለቁልፍ፣ የሙዚየሙን ኃላፊ፣ ያነጋገረችው ቢሮው ሄዳ ነው። ከወንበሩ በላይ የአያቱ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሥሩ «የመጀመሪያው ትምህርት ቤት መሥራች» ይላል። አዲሱ አዳራሽ እሑድ በእሳቸው ስም ሊሰየም ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «መሰላሉ ይቀየር ብሎ ነበር።»

«ሰሞኑን ከሰፈሩ ሰው የመጣ አዲስ ነገር አለ?»

«ምንም የለም። ቢኖር መጀመሪያ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ከቢሮው ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት አዛውንት ተቀምጠው አገኘች። አንዲት ቁራጭ ወረቀት ጨብጠዋል።

«ልጄ፣ ጋሽ መዝገብን ጥሪልኝ። ሐሙስ ነይ ብሎኝ ነበር፤ እሱ ቀጠሮ አያበላሽም።»

አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ የሆነውን ነገረቻቸው። አዛውንቷ ወረቀቷን ዘረጉላት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ሄደው፣ አዛውንቷን ጨምሮ ሁሉም በትምህርት ክፍሉ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት አሮጌ ደብዳቤዎችና ጓንት ተቀምጠዋል።

«ባለቁልፎቹ ሦስታችሁ አንዳንድ ደብዳቤ አምጡልኝ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ጠጋኙ ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን ታጥቦ አደረቀ። መምህርቷም እንደዚያው አደረገች። ኃላፊው ግን ጓንቱን አንስቶ በጥንቃቄ አጠለቀ። መምህርቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሽ መዝገብ ደብዳቤ ሊያወርድ ጓንት አያጠልቅም» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ክፍሉን እየዞረች። «ጓንቱ ንጹሕ ነው፤ አቧራው ያለው ከሥሩ ነው። ስለዚህ ከወደቀ በኋላ ሌላ ሰው አጠለቀለት። ለምን? እጁ ላይ ያለውን ቁስል ለመሸፈን። ቁስሉ ደረቅ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ፎቶ ከእጅ ሲነጠቅ የሚሰነጥቀው ዓይነት ነው። ይህን ያደረገው ሰው ደግሞ ወረቀት በባዶ እጅ እንደሚያዝ አያውቅም።»

«ጓንት ማጥለቅ ወንጀል ሆነ?» አለ ኃላፊው።

«አልሆነም። ውሸቱ ነው።» ጋሽ መዝገብ ለአዛውንቷ የጻፈላቸውን ደረሰኝ አነበበች፦ «‹አንድ ፎቶግራፍ፤ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ሰባት ሴቶች ስም ከጀርባው የተጻፈበት። ማክሰኞ ለኃላፊው አሳይቻለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት መልስ ይሰጡኛል።› እርስዎ ግን ምንም አልመጣም አሉኝ።»

ኃላፊው ጓንቱን አወለቀ። ከዚያ እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደ፤ ፎቶውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ከእሑድ በኋላ ይውጣ ብዬ ለመንኩት። ዛሬ ነው የሚመዘገበው አለኝ። ነጠቅኩት፣ ያዘው፣ ገፋሁት… መሰላሉንም ደብዳቤዎቹንም ከወደቀ በኋላ ነው የጣልኳቸው። ይሄን ላቃጥለው ነበር፤ አቃተኝ።»

አዛውንቷ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ልጄ፣ ጀርባውን ብቻ ነው እንዴ ያየኸው? መሃል ያለችው እናቴ ናት። ይሄ ዳር ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የሚስቀው ጎረምሳ ደግሞ አያትህ ነው። እሱ ባይኖር ግድግዳው አይቆምም ነበር ትል ነበር እናቴ። ትናንት ለጋሽ መዝገብ ነግሬዋለሁ። ‹ነገ እነግረዋለሁ፣ ደስ ይለዋል› አለኝ።»

ኃላፊው አንገቱን አስግጎ አየ።

«አልነገረኝም» አለ።

ጠጋኙ ከወንበሩ ተነሣ። ሃያ ዓመት «እርስዎ» ሲለው የኖረውን ሰው ፊት ለፊት እያየ፦

«ነገሩን መቼ አስጨረስከው?» አለው።