የእመት ሀብትነሽ ግድግዳ

በ፲፱፻፷ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ልደታ በዋለ በማግስቱ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ገና ዝናብ አልነካውም ነበርና፣ ፖሊስ የጫኑት ካሚዮኖች ያስነሡት አቧራ በዋንዛው ቅጠል ላይ ተኝቶ ዋለ። በዚያ ዓመት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ታውጆ ነበር፤ የጎጃም ባላገር ግን ከግብሩ ይልቅ ከግብሩ ኋላ ይመጣል ያለውን ቀላድ፣ የመሬት ልኬቱን፣ ፈራ፤ ዛሬ የተለካ ርስት ነገ የሌላ ነው ብሎ መንግሥት የላካቸውን የግብር ገማቾች ከየደብሩ መልሶ ሰደዳቸው። በደጋ ዳሞት፣ በፈረስ ቤት ከተማ ዙሪያ፣ ነገሩ ከቃል አልፎ ጥይት ተተኩሶበት ነበር።

በዚያ አገር ከገማቾቹ ፊት ቀድሞ የቆመው ባላምባራስ ይሄይስ የሚባል የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። ስሙን ያልሰማ ሹም አልነበረም፤ መልኩን የሚያውቅ ግን ከመንግሥት ወገን አንድም ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ይሄይስ ነጭ ሽንኩርት የጫነች አህያ እየነዳ በኬላው መካከል ያልፍ፣ ፖሊሶቹንም «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ሰላም ይል፣ ከቡሬ ገበያ የሚፈልገውን ይዞ ወደ ደጋው ይመለስ ነበር። ሕይወቱ በመልኩ አለመታወቅ ላይ የተንጠለጠለች ነበረች፤ ተይዘው ወደ ፍኖተ ሰላም ከተወሰዱት ጓደኞቹ እስካሁን የተመለሰ የለምና።

መልኩ ግን በአንድ ቦታ ተሥሎ ነበር።

በቡሬ ከተማ፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ ከጠላት ወረራ በፊት የተሠራ ሰፊ የጠጅ አዳራሽ ነበረ፤ ያሠሩትም እመት ሀብትነሽ የሚባሉ ስመ ጥር ጠጅ ጣይ ናቸው። ጣሪያው በወፋፍራም የጥድ ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ ቀርቀሃ ሲሆን፣ በቀይና በጥቁር በተነከረ አክርማ እንደ መሶብ ተሰፍቶ ነበር፤ የበሩና የመስኮቱ ዙሪያ እንደ ብራና መጽሐፍ ሐረግ ተሥሎበታል። ጠላት ከወጣ በኋላ እመት ሀብትነሽ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሆኑትን አለቃ አድማሴን አስጠርተው፣ «አለቃ፣ ጻድቃኑን ዘወትር ይሥሏቸዋል፤ እስቲ ደግሞ እኛን ኃጥአኑን ይሣሉን» አሏቸው።

አለቃ በቤተ ክርስቲያን የሚሥሉት ፊት ሁሉ ከመምህራቸው የተቀበሉት ነበር፤ ዓይኑ፣ ጢሙ፣ የእጁ አኳኋን ሳይቀር የተወሰነ ነው። በዚህ ግድግዳ ላይ ግን እንዲህ ይሁን ያላቸው አልነበረምና፣ ብርሌያቸውን ይዘው ከጥግ እየተቀመጡ ጠጪውን አጥንተው፣ እንቅርታሙን ከነእንቅርቱ፣ ገጣጣውን ከነጥርሱ፣ በምርጊቱ ላይ በአንድ ታላቅ ግብዣ አስቀመጡት። የቡሬ ሰው ጠጥቶ ሲወጣ ራሱን ከግድግዳው ፈልጎ «በል አንተ፣ ደኅና እደር» ብሎት ይሄድ ነበር። ከበሩ በስተግራ፣ ቅንድቡ በገና ዱላ የተሰነጠቀ፣ ብርሌውን ከአፉ ሳያደርስ የሚስቅ አንድ ጎረምሳ ተቀምጧል፤ እሱ የእመት ሀብትነሽ ልጅ ይሄይስ ነው።

አሁን እመት ሀብትነሽ ሞተው ጠጁን የምትጥለው ሴት ልጃቸው ወለተ ሐና ነበረች። ከይሄይስ ጋር በእናት እንጂ በአባት አይገናኙምና፣ ስማቸውን የሰማ እንግዳ እኅትና ወንድም መሆናቸውን አያውቅም፤ የከተማው ሰው ያውቃል፤ አይናገርም።

ካሚዮኖቹ ባለፉበት በዚያ ቀን የፖሊሶቹ አዛዥ ሻምበል ዳኘው ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ወደ አዳራሹ ገባ። ቀጭን፣ ዝግተኛ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር። ጠጅ አላዘዘም። ግድግዳውን አንድ ጊዜ ዞሮ አይቶ፣

«ባላምባራስ ይሄይስ ከነዚህ አንዱ ነው አሉኝ፤ የቱ ነው?» አለ።

ቢሆነኝ የሚባል ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ብርሌውን አስቀመጠና፣

«እሱማ ያ ፈረስ የያዘው ነው ጌታዬ» አለ።

«ምን ይላሉ አንቱ! ያ የኔ አጎት አይደለም?» አለ ከጎኑ የተቀመጠው። «ይሄይስ ያ ሥጋ የሚቆርጠው ነው።»

«ሥጋ የሚቆርጠውማ እኔ ነኝ» አለ ቢሆነኝ። «ያኔ ጥርስ ነበረኝ።»

ሳቅ ሆነ። ሻምበሉ አልሳቀም፤ አልተቈጣምም። ቀስ ብሎ ተራምዶ በበሩ ግራ ካለው ጎረምሳ ፊት ቆመ። ወለተ ሐና ጠጅ እየቀዳች ነበርና እጇ እንደ ዘነበለ ቀረ፤ ጠጁ ብርሌውን ሞልቶ በጣቶቿ ላይ ፈሰሰ።

«ይህ ሰው እርስዎን ይመስላል» አላት ሻምበሉ ወለተ ሐናን፣ ፊቱን ሳይመልስ።

«የጎጃም አፍንጫ ሁሉ አንድ ነው ጌታዬ» አለ ቢሆነኝ። «ብቻ በአፍንጫ ደግሞ ግብር እንዳይጣልብን!»

በዚህኛው የሳቀ የለም። ሻምበሉ ጓንቱን እያጠለቀ፣

«ግድ የለም» አለ። «ነገ በቀትር አውቶቡስ ፎቶ አንሺ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ያነሣቸዋል። ፎቶግራፉ በየኬላው ሲደርስ የቱ እንደ ሆነ እናንተ ባትነግሩኝ መንገዱ ይነግረኛል። እስከዚያ ይህን ግድግዳ የነካ ሰው ነገሩ ከኔ ጋር ነው።»

ሁለቱን ፖሊሶች በደጁ አቁሞ ወደ ሽንዲ ሄደ፤ ነገ በቀትር እንደሚመለስም ነገራቸው።

ወለተ ሐና ወንድሟ በዚያ ሰዓት በየትኛው ሸለቆ እንዳለ አታውቅምና «አትምጣ» ብላ የምትልክበት አልነበራትም፤ ብትልክስ፣ ፎቶግራፍ እየተከተለው እስከ መቼ ከሰው ይሸሻል? ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አለቃ አድማሴ ቤት ሄደች። አለቃን ከደጃቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

«አለቃ፣ የወንድሜን ፊት ብቻ ይለውጡልኝ፤ ጢም ይጨምሩበት፣ ቅንድቡን ይድፈኑት።»

«ልጄ፣ ትኩስ ቀለም ይጮኻል» አሉ አለቃ። «የነካነውን ፊት አይተው ይኸው እሱ ነው ይላሉ።»

«እንግዲያው ሁሉንም ልፋቀው።»

«ፋቂው። ያን ጊዜ አንቺን ይወስዱሻል። አንቺ ከታሰርሽ ይሄይስ ሳይፈልጉት በእግሩ ይመጣላቸዋል፤ አታውቂውም?»

ታውቀዋለች። አለቃ ዓይናቸውን ወደ መሬት እንደ ተከሉ፣

«በቤተ ክርስቲያን የሣልሁት ሁሉ ሌላ ቢሥለውም ያው ነው» አሉ። «የኔ የምለው ያ ግድግዳ ብቻ ነው። ፈቀድሁ አልልሽም፤ ከለከልሁም አልልሽም። ሂጂ።»

ከዚያ የሄደችው ጠላቷ ዘንድ ነበር። የከተማው ሹም አቶ ተስፋው፣ አዳራሹ ወደ መንገዱ ገባ ብሏልና ይፍረስ ብለው ካዘዙ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ወለተ ሐና ግን ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ይግባኝ እያለች አልቀመስም ብላቸዋለች፤ ጠጪውም በሹሙ ላይ ግጥም እስከ መግጠም ደርሷል። ስትገባ አይተው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ወይዘሮ ወለተ ሐና! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«ይግባኙን ትቻለሁ። ቤቱ ይፍረስ። ነገር ግን ነገ በማለዳ ይሁን።»

«ነገ? ይህን ሁሉ ዘመን ሲያንከራትቱኝ ከርመው?»

«ዘመዶቼ ከደጋ ከሰሙ አያስፈርሱኝም። ወይ ነገ ነው፣ ወይ እንደ ገና ችሎት እንገናኛለን።»

አቶ ተስፋው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ሻምበሉ ከደጅዎ ፖሊስ አቁመዋል ሲሉ ሰማሁ።»

«አቁመዋል» አለች። «እኔ ደግሞ ይህን ከተማ የሚያዙት አንቱ ይመስሉኝ ነበር።»

የሹሙ ፊት ጠቈረ። እሳቸውም የጎጃም ባላገር፣ የማቻከል ልጅ ነበሩ፤ ያባታቸውን ርስት ገማች ሊያየው ቀጠሮ ተይዞለታል። አንድ ነገር ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱና ወለተ ሐናን ትክ ብለው አይተው መልሰው ገጠሙት። ከዚያ ጸሐፊውን ጠርተው ትእዛዙ እንዲጻፍ፣ ማኅተሙም እንዲመታ አዘዙ።

በማግስቱ ፀሐይ እንደ ወጣች አቶ ተስፋው ከወህኒ ያስወጧቸው እስረኞች ዶማና አካፋ ይዘው መጡ። ፖሊሶቹ መንገድ ዘጉ።

«ማንም እንዳይነካ ተብለናል።»

«እኛ ማንም አይደለንም፤ የከተማው ሹም ነን» አሉ አቶ ተስፋው፣ ማኅተሙን እያሳዩ። ፖሊሶቹ ከማኅተም ጋር መጣላት ፈርተው፣ አንደኛው ሻምበሉን ሊጠራ በሽንዲ መንገድ ሮጠ፤ ሁለተኛው ወደ ዳር ቆመ።

ነገር ግን እስረኞቹ ቤት እንደሚፈርስበት ልማድ መሰላል አቁመው ከጣሪያው ጀመሩ። ወለተ ሐና ቀና ብላ አየች፤ ያ ሁሉ ቀርቀሃ እየተፈታ ሲወርድ ቀትር ይሆናል፤ ግድግዳውም ከነፊቶቹ ቆሞ አውቶቡሱን ይጠብቀዋል። ግድግዳውን አስቀድሙ ብትል ደግሞ ዳር የቆመው ፖሊስ ለምን ይላል። ወደ መሰላሉ ቀረበችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ተዉ! ጣሪያው የጊዮርጊስ ስለት ነው!» አለች። «እናቴ ለቤተ ልሔም ሰጥታዋለች፤ እንዳለ ይወርዳል እንጂ አንድ ቀርቀሃ አይሰበርም። ምሰሶው ይሸከመዋል፤ በስሩ ያለውን ጭቃ አንሡልኝና ካህናቱ መጥተው ያወርዱታል።»

በስለት የሚከራከር በዚያ አገር የለም። እስረኞቹ ከመሰላሉ ወረዱ። ምርጊቱ እንዲለሰልስ ውኃ በእንስራ እያመጡ ረጩበት፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም እየተደባለቀ ወደ ወለሉ ወረደ። የመጀመሪያው ዶማ ሥጋ በሚቆርጠው ሰው ደረት ላይ አረፈ።

«ኧረ ቀስ በሉ! እኔ ነኝ እኮ!» አለ ቢሆነኝ ከሕዝቡ መካከል፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ አጎቱ የወደቁበት ሰው ሳቁን አቋረጠ፤ ሌላውም እንዲሁ። ያን ጊዜ ቡሬ የሞቱትን ሁለተኛ እየቀበረች መሆንዋ ገባት። አለቃ አድማሴ ከማዶ ቆመው ነበር፤ ሲያዩ ቆይተው ፊታቸውን አዞሩ።

በበሩ ግራ ያለው ግድግዳ የመጨረሻው ሆነ። ወለተ ሐና እዚያ ጀምሩ ለማለት አልደፈረችም። የአውቶቡሱ ጥሩንባ ከከተማው መግቢያ ሲሰማ፣ የወንድሟ አገጭ ተደርምሶ ዓይኑና የተሰነጠቀው ቅንድቡ ገና ነበሩ። አንድ እስረኛ ላቡን ለመጥረግ ዶማውን አስደግፎ ቆመ።

«እባክህ ወንድሜ፣ ጨርስልኝ» አለችው።

ዶማውን አነሣ።

ሻምበል ዳኘው በላንድሮቨር ሲደርስ ጭቃው በአካፋ ወጥቶ የመንገዱ ጉድጓድ ተሞልቶበት፣ ከአውቶቡሱ ኋላ የመጣ የጭነት መኪና እየሄደበት ነበር።

«ማን አፈረሰው?»

«መንግሥት ነው ጌታዬ» አለች ወለተ ሐና።

ሻምበሉ የታተመውን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ አቶ ተስፋውን አየ፤ እሷን አየ። «ገብቶኛል» አለ ቀስ ብሎ። ይሁን እንጂ ሹሙን ሳያስር እሷን ማሰር አይችልም፤ ሹሙን ቢያስር ደግሞ ክሱ የከተማ መንገድ ማስፋት ይሆናል። ወደ መኪናው ተመለሰ።

በዚያ ክረምት በዳሞት ላይ የጦር አውሮፕላን ዞረ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ በኋላም ግብሩ ተነሥቶ ምሕረት ሲወጣ ይሄይስ ወደ ቡሬ ወረደ። ወለተ ሐና በተከራየችው የቆርቆሮ ቤት ደጅ ቆሞ አልገባም አለ። የሆነውን ሁሉ ቢሆነኝ አስቀድሞ ነግሮታል።

«ከፊትህና ከእናትህ ቤት ምረጥ ያለኝ ማን ነው?» አለ።

«ብጠይቅህ ቤቱን ትመርጥ ነበር» አለችው። «ስለዚህ አልጠየቅሁህም።»

ዱላውን ከደጁ አስደገፈ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ፤ የቀዳችለትንም ጠጣ፤ ስለ ቤቱ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አንዳቸውም ዳግመኛ አላነሡም።

ስለዚያ ዘመን የጻፉ ሰዎች ስለ ግብሩ፣ ስለ አመፁና ስለ ምሕረቱ ጽፈዋል፤ ስለ አዳራሹ የጻፈ የለም። የቀረለት አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ያ ከደብረ ማርቆስ የተጠራ ፎቶ አንሺ ባዶ እጁን ከመመለስ ብሎ፣ አቶ ተስፋውን ግድግዳ በሌለው ጣሪያ ስር አቁሞ አነሣቸው፤ ከበታቹም «የመንገድ ማስፋት ሥራ» ተብሎ ተጻፈበት። በቡሬ ዛሬም አባቴ በእመት ሀብትነሽ ግድግዳ ላይ ተሥሎ ነበር የሚል ሽማግሌ አይታጣም፤ አንዱ ፈረስ ይዞ ነው ይላል፣ ሌላው ብርሌ ይዞ። ማስረጃ አምጡ ቢባሉ የላቸውም። ወለተ ሐና የአንድ ሰው ፊት ለማዳን የከተማውን ሁሉ አባቶች ፊት አጠፋች፤ ትክክል ሠራች ወይስ በደለች ብሎ የጠየቃት ግን፣ ታሪክም ሆነ ሰው፣ አልነበረም።