የኛ 2010፣ የነሱ 2010

«ያኒ፣ ማለቴ፣ ይሄ 2010 የኛ ነው የነሱ?»

ሥርጉት ፋናር ሰፈር ወዳለው፣ በሠራተኝነት ወደምታገለግልበት የማዳሟ ቤት ለመሄድ ጫማዋን እያሰረች ነበር ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የልጇን የክፍል ሥራ ካርቶን ያየችው። የልጇ የእስከዳር ልብ ስንጥቅ አለ። የሚኖሩባትን የሊባኖስንና የኢትዮጵያን የ2010 ኢኮኖሚ ስታወዳድር የሊባኖስን ቁጥር ከትምህርት ቤት መጽሐፏ፣ የኢትዮጵያን ግን እናቷ ካስቀመጠችው የአማርኛ መጽሔት ነበር የገለበጠችው። የኛ 2010 በፈረንጆቹ 2018 መሆኑ እንዴት ጠፋት?

«የኛ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ስምንት ዓመት አሳድገሽናላ» አለች ሥርጉት እየሳቀች። «በነሱ 2010 እንዲህ ሞልቶ ተርፎን ቢሆን እኔ እዚህ ምን እሠራ ነበር? ኸላስ፣ በቃ፣ አስተካክዪው። ረፈደብኝ።»

እስከዳር መጽሔቱን መልሳ ገለጠች። በትክክለኛው ዓመት፣ በኛ 2002፣ የኢትዮጵያ ዓመታዊ ምርት ከሊባኖስ ያንሳል፤ ካርቶኑ ላይ ግን እጥፍ ሆኖ ተስሏል።

ለእናቷ ያልነገረቻት ነገር ነበር። ባለፈው ሳምንት ኤሊ የሚባል የክፍሏ ልጅ «አገርሽ ከቤት ሠራተኛ ሌላ ምን ታመርታለች?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገድሎታል። እሷም እልህ ይዟት፣ ኢትዮጵያ በልጣ ከተገኘች ሁሉም ፊት ይቅርታ ሊጠይቃት አስምላዋለች።

ካርቶኑን እንዳለ ጠቅልላ ወጣች።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ካርቶኑ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። መምህርቷ ሚስ ካርላ «ብራቮ» አለች። ዓመቱን ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ዞሮ ኤሊን አየው፤ ኤሊም ጆሮው ቀልቶ ከወንበሩ ተነሣ።

እስከዳር ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ካርቶኑ ላይ ካለው 2010 አልነቀል አላት። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? የእናቴ ክብር በተሳሳተ ቁጥር የሚገዛ ነው እንዴ፣ አለች በሆዷ። አፈረች።

«እኔ… ባለፈው ያልኩት…» ብሎ ጀመረ ኤሊ።

«ቆይ፣ ኤሊ።» ከመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ማርከር አነሣች። «ሚስ፣ የኢትዮጵያን ዓመት ተሳስቻለሁ። ሲስተካከል ሊባኖስ ትበልጣለች።»

ክፍሉ ተንሾካሾከ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ኤሊ አልተቀመጠም።

«ይቅርታህን ግን አሁንም እፈልገዋለሁ» አለችው እስከዳር፤ ከዚያም ቁጥሩን መሰረዝ ጀመረች።