የቀዘቀዘው ናሙና

ኢንጂነር ዳምጤ የነዳጅ ታንከሩ አጠገብ በጀርባው ተዘርግቷል። ክዳኑን እንደከፈተ የገነፈለው ትኩስ አረፋ ከአናቱ እስከ ወገቡ አቃጥሎታል። ከአርባ ምንጭ የተጠራችው ኢንስፔክተር ሻሺቱ አስከሬኑን አይታ ቀና ስትል የሲሚንቶው ምድጃ አሁንም ይነዳል። ሰው ቢሞትም ምድጃ አይጠፋም አሏት ሠራተኞቹ፤ አስጠላት።

ፋብሪካው ከባዱን ጥቁር ነዳጅ የሚያነደው ከውሃ ጋር አዋህዶ ነው፤ ጠብታው ደቅቆ በደንብ ይቃጠላል። ሙቀቱ ግን መቶ ዲግሪ ከተጠጋ ውሃው ይፈላና አረፋ ያስነሳል።

ቅልቅሉን የምታዘጋጀው የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ ጌጤ ናት። ፖሊሶች ሊወስዷት ቆመዋል።

«በየጠዋቱ ናሙና የምትቀጂው አንቺ ነሽ። ዛሬ ለምን ቀረሽ?» አለቻት ሻሺቱ።

«አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባጃጅ አጣሁ። ለዳምጤ ስደውልለት ‹እኔ እቀዳልሻለሁ› አለኝ። እኔን ብሎ ሞተ!»

«አይገርምም?» አለ የምድጃው ኃላፊ ክብሩ፣ ጠርሙስ እያቀበለ። «ከአደጋው በፊት ራሴ የቀዳሁት ነው። ሙቀቱ ልክ ነበር። ቅልቅሏ ስለተበላሸ ውሃው ተለይቶ ማሞቂያው ላይ ፈነዳ።»

መካኒኩ ገነነ ጥግ ይዞ ያጉረመርማል። «ውሃ ማንደድ እብደት ነው ብዬ ነበር!»

«የማሞቂያው ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለችው ሻሺቱ።

«አቶ ክብሩ ጋ። ሌላ ማን ይነካዋል?» አለ ገነነ።

ሻሺቱ የላቦራቶሪውን መዝገብ አገላብጣ ሦስቱንም ሰበሰበች።

«አቶ ክብሩ፣ ይህን ነዳጅ ቀዝቅዞ አይተውት ያውቃሉ?»

«የእኔ ሥራ ከትኩሱ ጋር ነው።»

«አንቺስ ጌጤ?»

«ሲቀዘቅዝ እንደ ሬንጅ ይረጋል። ውሃ ቢያፈሱበት አይዘልቀውም።»

«ታንከሩ ውስጥ፣ በትኩስነቱ የተለየ ውሃስ?»

«ይከብዳል፤ ታች ነው የሚቀመጠው።»

ሻሺቱ ጠርሙሱን አነሳች። ውሃው ከላይ ነበር።

«ይህን ውሃ ነዳጁ ከቀዘቀዘ በኋላ ጨመሩበት። ስለዚህ ቅልቅሉ አልተለየም፤ አረፋውን ያስነሳው ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው። ማሞቂያውን ደግሞ ከእርስዎ በቀር የሚነካ የለም።»

ክብሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ዳምጤን ልገድል አላሰብኩም! እግዜር ምስክሬ ነው!»

«እሱንስ አምንዎታለሁ። ባለፈው ወር የምድጃው ጡብ የፈረሰው ነዳጁ ውስጥ በተቀላቀለው ውሃ ሳይሆን በእርስዎ ጥፋት ነው የሚል ሪፖርት መዝገቡ ውስጥ አለ። የጻፈው ዳምጤ አይደለም። ክዳኑን በየጠዋቱ የሚከፍተውም እሱ አልነበረም።»

ገነነ ዘወር ብሎ ጌጤን አያት።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ጌጤ። ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።