አሥራ አንዱ ሰከንድ

«የቱ ጋ ነው የአባትሽ?» አለች ኮርትኒ፣ አንዱን ማዳመጫ ዴላ ጆሮ ውስጥ እየሰካች። «ሲደርስ ንገሪኝ፣ እሺ? እንዳያመልጠኝ!»

የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ጠጠር መንገዱ ላይ ይንገጫገጫል። ሲዲው እንዳይዘል ኮርትኒ ማጫወቻውን እንደ እንቁላል በሁለት መዳፏ ይዛዋለች። ዴላ ፕሩት ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ሁለተኛው ስንኝ አለቀ። አሁን የአባቷ ስቲል ጊታር ብቻውን ይወጣል፤ ለአሥራ አንድ ሰከንድ።

አልወጣም። በቦታው አንድ ቀጭን ነገር ፏጨ፤ ሰው የነካው የማይመስል፣ የኮምፒውተር ድምፅ። ከሥሩ ከበሮ ይደልቃል። ከዚያ ዘፋኟ ሎሪ ቤት ካድል ተመለሰችና አዝማቹ ቀጠለ።

«አለፈ እንዴ?» ኮርትኒ በክርኗ ጎሸመቻት። «ያ የሚያፏጨው ነው? እሱ ነው አይደል?»

ከፊታቸው የተቀመጡት ሁለት ልጆች ዞረው ያያሉ። አባቷ በሎሪ ቤት አልበም ላይ እንደተጫወተ ለሰው ሁሉ ያወራችው ራሷ ዴላ ናት። ባለፈው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት ነበር የተናገረችው።

«አዎ» አለች። «እሱ ነው።»

«አትቀልጂ! አባትሽ አራዳ ነው ለካ!» ኮርትኒ የሲዲውን ቡክሌት ገልብጣ ለፊተኞቹ ልጆች አሳየች። በትንንሽ ፊደል «ስቲል ጊታር፦ ሆይት ፕሩት» ይላል። «ይኸው ስሙ! ውሸታም ስትሏት አልነበር?»

ዴላ እስክትወርድ ድረስ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ ባለፈው የትምህርት እረፍት ድረስ ለክፍሏ ልጆች ካንትሪ የፋራ ዘፈን ነበር፤ የአያቶችና የትራክተር ዘፈን። ሎሪ ቤት ደግሞ ከዚሁ ከቴነሲ ኮረብታ የወጣች፣ ስሟ ብዙም ያልገነነ የካንትሪ ዘፋኝ ነበረች። አዲሱ አልበሟ ሲወጣ ግን የፖፕ ጣቢያዎቹ ከማለዳ እስከ ማታ ያጫውቷት ጀመር። ቦት ጫማ ያዩ እንደሆነ የሚሳለቁት ልጆች የእሷን ዓይነት ቀይ ቦት ፍለጋ ገበያ ለገበያ ዞሩ። ዴላም አባቷን ከትምህርት ቤቱ አንድ መንገድ ቀደም ብሎ እንዲያወርዳት ትለምነው የነበረችው ልጅ፣ ድንገት ስሙን በኩራት መጥራት አማራት።

የዚያን ሰኞ ከሰዓት የኮርትኒን ሲዲ ተውሳ ቤቷ ገባች። የአባቷ ሲዲ ሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ሽፋኑ አንድ ነው፤ ሎሪ ቤት አጥር ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። የኮርትኒው ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ የብር ክብ ከመኖሯ በቀር ልዩነት የላቸውም። መጀመሪያ የአባቷን አጫወተች፣ ቀጥሎ የኮርትኒን፣ እንደገና የአባቷን። የሎሪ ቤት ድምፅ ያው፣ ግጥሙ ያው፣ ትንፋሿ ሳይቀር ያው ነው። የኮርትኒው ላይ ግን ቫዮሊኑ የለም፤ አባቷም የለም። በጥንቃቄ፣ ጠባሳ እንኳ ሳይተዉ አውጥተውታል።

ከጋራዡ የአባቷ ስቲል ጊታር ድምፅ ይመጣል። ሆይት ፕሩት ቀን ቀን የእርሻ ማሽን ጠጋኝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ዘፈን ወደሚቀረጽባት ናሽቪል ከተማ እየወረደ ለሰው አልበም ይጫወታል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር። ስቲል ጊታሩ እንደ ጠረጴዛ በእግሩ ይቆማል። አባቷ ከኋላው ተቀምጦ ግራ እጁ ላይ ያለውን ብረት በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ ከሥር ያለውን ፔዳል በእግሩ ይረግጣል። «እኔ እንደ ጨው ነኝ» ይላል ሲቀልድ። «ስኖር አልታወቅም፤ ስጎድል ነው የሚታወቀው።» ከሰው ድምፅ ሥር ወጥቶ ብቻውን የተሰማው በዚህ ዘፈን ብቻ ነው። ያቺን አሥራ አንድ ሰከንድ ሦስት ሳምንት ሲለማመዳት ዴላ የቤት ሥራዋን እየሠራች ሰምታለች፤ ጥርሷን ስትቦርሽ እንኳ ታንጎራጉራታለች።

እና አሁን ጎደለ። ማንም ግን አላወቀም።

አባቷም አያውቅም። የጭነት መኪናው ሬዲዮ መዘውሩ ከተሰበረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድ የካንትሪ ጣቢያ ብቻ ይዞ ቀርቷል። እዚያ የሚለቀቀው እሱ ያለበት ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዴላ ግን እያደር ከበደ። ማክሰኞ የክፍል አስተማሪያቸው ጠሯት።

«ዴላ፣ ያባትሽን ነገር ሰማሁ! ለመኸር በዓላችን ጋብዘናቸዋል፤ መሣሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሎሪ ቤትን በሲዲ እንከፍታለን፣ እሳቸው አብረው ይጫወታሉ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ለአባትሽ ደውዬላቸው እሺ ብለውኛል።»

«ቲቸር፣ ሥራ ይበዛበታል...»

«እሳቸው ግን በደስታ ነው ያሉኝ።»

ኮርትኒ ለበዓሉ ሙዚቃ የሚከፈትበት ጠረጴዛ ላይ ተመደበች። «ሲዲው አንቺ ጋ ይቆይ፣ እኔ እንደሆነ በቃሌ ይዤዋለሁ» አለቻት። «ዓርብ ግን ብትረሺው እገድልሻለሁ!»

ከዚያ በኋላ ዴላ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ክፍል ውስጥ እርሳስ ስታኝክ፣ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ስትዘጋ ሳምንቱ ተጋመሰ። ሲዲውን ልጣለው? ሌላ ይገዛሉ። ልታመም? አባቷ ብቻውን ይሄዳል። በሰው ሁሉ ፊት መሣሪያውን ዘርግቶ፣ ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ እጁን ያነሳል፤ የሚሰማው ግን ያ ፉጨት ነው።

እሱ ደግሞ ሠርግ የተጠራ መሰለ። የመሣሪያውን እግሮች በጨርቅ ወለወለ። እናቷ በረንዳ ላይ ጸጉሩን ቆረጠችለት። ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ግራሶ በብሩሽ ሲያሽ ዴላ ሐሙስ ጠዋት ወጥ ቤት አገኘችው።

«አባዬ» አለች። «ነገ ባትመጣስ?»

ብሩሹ ቆመ።

«ማለቴ... ልጆቹ ይረብሻሉ። ድምፅ ማጉያውም ቀሽም ነው።»

ሆይት እጁን ታጠበ፣ በቀስታ አደረቀ። «መኪናውን እንደድሮው ከመንገዱ ወዲህ ላቁመው?» አለ። የተቆጣ አይመስልም። «መሣሪያው ስለሚከብድ ነው እንጂ ግድ የለኝም።»

አፍሬብህ አይደለም ማለት ፈለገች፤ እንዳትል ደግሞ ድሮ አፍራበት ነበር። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ አውቶቡስ ሳይመጣ መንገዱ ዳር ቆማ አለቀሰች።

ዓርብ አባቷ ከቤት ይዟት ሲመጣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከሩቅ ሲታይ መኪናውን ዳር አስያዘ፤ ልክ ድሮ የሚያወርዳት ቦታ።

«እዚህ ነው አይደል?» አለ።

«አባዬ፣ ሞተሩን አጥፋው።»

አጠፋው። ዴላ የራሷን አሮጌ ማጫወቻ ከቦርሳዋ አወጣች። የኮርትኒን ሲዲ ከተተች፣ ሁለቱንም ማዳመጫ ሰጠችው። «ስማው» አለች። «የልጆቹ ነው።»

ሆይት ማዳመጫውን ትልልቅ ጆሮዎቹ ላይ አደረገ። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከበሮው ሲገባ ቅንድቡን አነሳ። ዴላ ፊቱን ማየት ስላልቻለች እጁን አየች። ሁለተኛው ስንኝ ሊያልቅ ሲል ግራ እጁ ሳያውቀው መሪው ላይ ወጣ፤ ብረት እንደያዘ ሁሉ ሁለት ጣቱን ጫን አድርጎ ተንሸራተተ። ትንሽ ሄደና ቀጥ አለ። እዚያው ቀረ።

«መልሰሽ አጫውቺልኝ» አለ።

መለሰችለት። ሁለተኛውን ጊዜ እጁ አልተነሳም።

ማዳመጫውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ሁለት ዓይነት አድርገው እንደሚያወጡት ሰምቼ ነበር» አለ። «አንዱ ለኛ፣ አንዱ ለሌላው ሰው። ከበሮውን ይቀይሩት ይሆናል ብዬ ነው እኔ።» መስኮቱን አየ። «ዘፈኑ ደግሞ አልተበላሸም። እሱ ነው የሚያናድደው።»

«የአንተ ይበልጣል።»

«አንቺ ልጄ ስለሆንሽ ነው።»

«አይደለም!» ጮኸች። «ሰው ያለበት ስለሆነ ነው!»

አንድ መኪና ዱባ ጭኖ አለፋቸው።

«ቆይ እስኪ» አለ ሆይት የሲዲውን ቡክሌት ገልጦ። «ስሜ እዚህ ላይ አለ። ልጆቹ የቱን ነው እኔ ነኝ ብለው የሚያስቡት?»

ዴላ አንገቷን ደፋች። «ፉጨቱን። እኔ ነኝ ያልኳቸው። ውሸታም እንዳይሉኝ ፈርቼ... በዚያው ውሸታም ሆንኩ።»

አባቷ በአፍንጫው ሳቀ። «ፉጨቱን! እኔን? በዕድሜዬ አፌን አሹዬ ውሻ እንኳ ጠርቼ አላውቅም።» ከዚያ ሳቁ አለቀ። «እና ትናንት አትምጣ ያልሽኝ ለዚህ ነው?»

ራሷን ነቀነቀች።

መሪውን ያዘ። «ስሚኝ እናቴ» አለ። «ትምህርት ቤቱ ያንቺ ነው። ሰኞ ከነሱ ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ። እንመለስ ካልሽ እንመለሳለን፤ መኪናው ተበላሸ እላለሁ፣ መበላሸት አያቅተውም ደግሞ። እንግባ ካልሽም እንገባለን። ያ ፉጨት የኔ ነው ብዬ ግን እዚያ አልቀመጥም።»

ዴላ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ዞራ አየች። ከዚያ ሲዲውን ከማጫወቻው አወጣችና አባቷ ከሳሎን ይዞት የመጣውን የራሱን ሲዲ ከመኪናው ኪስ ጎትታ አብራ ያዘችው።

«ንዳ» አለች። «በሩ ድረስ።»

የመሣሪያው ሣጥን ለሁለት ሰው ነው የሚነሳው። አንዱን እጀታ እሱ፣ አንዱን እሷ ይዘው የስፖርት አዳራሹን አቋርጠው ሲገቡ ልጆች ሣር ክምር ላይ ተቀምጠው የዱባ ኬክ ይበሉ ነበር። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። አንዱ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ በጣም ፏጨ። ሁሉም ሳቁ። ሆይት ለልጁ ባርኔጣውን ነካ አደረገለት።

ኮርትኒ ጠረጴዛው ጀርባ ትቁነጠነጣለች። «ኧረ በእናትሽ! አምስት ደቂቃ ነው የቀረን! አምጪው።»

ዴላ አንዱን ሰጠቻት። «ያንቺ ይኸውልሽ። ግን እሱን አትክፈቺው። ይሄኛውን ክፈቺ።»

ኮርትኒ ሁለቱን ሽፋን አየች። «ያው አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ያንቺ ላይ አባቴ የለም። አውጥተውታል። የሚያፏጨው ማሽን ነው።» ዴላ የአባቷን ሲዲ ዘረጋችላት። «አውቶቡሱ ውስጥ ዋሸሁሽ።»

የኮርትኒ ፊት ቀላ። «እኔን? ዴላ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ያወራሁት እኮ እኔ ነኝ! ላንቺ ብዬ ከሰው ተጨቃጨቅኩ። ሼም ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ይሄኛው ደግሞ...» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቫዮሊን ምናምን ያለው ነው? እንደ ድሮው ዓይነት?»

«አዎ።»

«ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ።»

ኮርትኒ ሲዲውን ከእጇ ተቀበለች። ቀና ብላ አላየቻትም። ሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ትይዝላት እንደሆነ ዴላ አላወቀችም፤ አሁን የሚጠየቅም አልነበረም።

ወደ አባቷ ተመለሰች። ሆይት መሣሪያውን ተክሎ፣ ክሮቹን እያጠበቀ ጎንበስ ብሏል።

«የቱን ሰጠሻት?»

«ያንተን።»

«እንግዲያው ከራሴ ጋር ልፎካከር ነው» አለና ብረቱን ከሸሚዙ ኪስ አወጣ። በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፤ መልሶ ወለወለው። እንዲህ ሲሆን አይታው አታውቅም።

ልጆቹ ከሣር ክምሩ ተነስተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እዚያ ብትቆም ማንም አይለያትም ነበር። ዴላ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ሰካችለትና እዚያው ከወንበሩ አጠገብ፣ ሁሉም በሚያያት ቦታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኮርትኒ ቁልፉን ተጫነች። ቫዮሊኑ ቀድሞ ገባ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላም ተከተለው።

ዴላ አልዞረችም። ጉልበቷን አቅፋ ሁለተኛው ስንኝ እስኪያልቅ ጠበቀች።